«አጎቴን» ላበላኝ ምግብ ቤት የቀረበ ምስጋና

በወደቡ ጎዳና፣ የመስታወት ገንዳው ከበሩ ጀምሮ ለሚታየው የባሕር ምግብ ቤት
ለክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ የተከበረ ቤተሰብዎንም፣ የማብሰያ ክፍል ባልደረቦችዎንም፣ በገንዳው ውስጥ እስካሁን በሕይወት የቀሩትን ነዋሪዎችዎንም በመልካም ጤና እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ፤ የመጨረሻዎቹ ጤና ከምሳ ሰዓት ያልፋል የሚል ብዙ ተስፋ ባይኖረኝም። እኔ ዕድሜዬን ለሰው ዓይን መነጽር ስለካ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ የጋብቻችንን ቀን በየዓመቱ ከባለቤቴ ጋር በእናንተ ቤት የማከብር፣ በመስኮቱ በኩል ካለችው ጠረጴዛ ሌላ የማላውቅ ደንበኛዎ ነኝ። በግል ብጽፍልዎ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን የዋሉልኝ ውለታ በአንድ ሰው ጉሮሮ የሚወርድ ስላልሆነ በጋዜጣ ላመሰግንዎ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፦ እንግዳ ከመቀመጡ በፊት ወደ ገንዳው ተወስዶ፣ የሚበላውን ዓሣ ገና እየዋኘ ሳለ በጣቱ እንዲያመለክት ስለሚያደርገው ጨዋ ልማዳችሁ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ አንጀቷ አይችልምና የመጀመሪያ ቀን ጣቷን ሳትዘረጋ ቆማ ሳለ፣ ከንፈሩ ወደ ግራ የተጣመመ አንድ ዓሣ መስታወቱ ድረስ መጥቶ አፈጠጠባት። እሷም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ምክንያቱም ዓሣው ቁርጥ አጎቷን ይመስል ነበር። አጎቷ እኔን ሳይወዱኝ እሷን የዳሩልኝ ሰው ስለነበሩ በሠርጋችን ቀን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አፋቸውን ልክ እንደዚያ አጣመው ነው የዋሉት። «እኔ አጎቴን አልበላም» ብላ ድርቅ አለች። ነጭ ጓንት የማያወልቁት የአስተናጋጆች አለቃዎ ያን ጊዜ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ እኔ ልሙት እመቤቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህን ዓሣ ማንም አይነካውም ብለው ማሉላት። እርስዎም ክቡር ሆይ፣ ከቢሮዎ ብቅ ብለው፣ አይዞሽ የቤታችን ልጅ ነው ብለው መሐላውን አጸኑት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ስንመጣ ባለቤቴ ኮቷን ሳታወልቅ ገንዳው ዘንድ ሄዳ «አጎቴን» ሰላም ትላለች፣ የዓመቱን ወሬ ትነግረዋለች፣ ከዚያ ተመልሳ ያለ አንዳች ርኅራኄ ሽሪምፕ ትበላለች። ሽሪምፕ የሚመስል ዘመድ ስለሌላት መሆን አለበት።

ሁለተኛ፦ ዘንድሮ ስለተደረገልኝ ልዩ መስተንግዶ። ባለቤቴ ልቧን ታማ፣ ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትነሳ ካዘዛት ከርሟል። ቀናችን ሲደርስ፣ ሂድና አጎቴን አይተኸው ና፣ ብቻህን ብትበላም አልቀየምህም አለችኝ። አስከትላም እሱ ካለ እኔም አለሁ ብላ ሳቀች። ክቡር ሆይ፣ ከዚህች ሴት ጋር ዕድሜዬን ሙሉ ኖሬያለሁና የቀልድ ሳቋን ከሌላው ሳቋ ለይቼ አውቃለሁ፤ ያኛው የቀልድ አልነበረም። እኔም ሱፌን ለብሼ መጣሁልዎ። ገንዳው በመጋረጃ ተሸፍኖ አገኘሁት። ባለ ነጭ ጓንቱ ውሃው እየተቀየረ መሆኑን ገለጹልኝና፣ ሳልጠይቃቸው፣ «አጎቴ በጣም ደህና ናቸው ጌታዬ» አሉኝ፤ ለዓሣው አንቱታ መጨመራቸው ልቤን ነካው። ከዚያም ወጥ ቤቱ ለእኔ ብሎ ያሰናዳው ምግብ እንዳለ ነግረውኝ፣ ከነራሱ የተጠበሰ ዓሣ በትልቅ ሳህን፣ ራሱን በቅጠላ ቅጠል ሸፍነው አቀረቡልኝ። ጣፋጭ ነበር። እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ እጅግ ጣፋጭ ነበር። አንዱን ጎን ጨርሼ ሌላውን ልገለብጥ ቅጠሉን ሳነሳ፣ የሠርጌ ቀን ያየሁት አፍ ወደ ግራ ተጣሞ ተመለከተኝ። ሹካዬን አስቀምጬ አለቃውን አስጠራሁ።

ሦስተኛ፦ ስለተሰጠኝ ማብራሪያ ግልጽነት። አለቃው ሲጠሩ መጡ፤ እኔ እንደፈራሁት አልደነገጡም፤ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ጌታዬ፣ የትኛውን አጎት ነው የሚሉት ብለው በትሕትና ጠየቁኝ። በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ ሁሉ ከንፈሩ የተቀደደ መሆኑን፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እንደሚተካ፣ ይህም ለምግብ ቤቱ ምንም ችግር ፈጥሮ እንደማያውቅ አስረዱኝ። እንዲያውም ለእኔ ባለቤት አጎት የሆነው ዓሣ፣ በማዕዘኑ ለሚቀመጡት እትዬ የሞቱት ባላቸው እንደሆነ፣ ለአንድ ጡረተኛ ዳኛም የቀድሞ አለቃቸው እንደሆነ አጫወቱኝ። እኔ የሰው ዓይን ሳቃና የኖርኩ ሰው፣ ይህን ሁሉ ዓመት የተለያዩ ዓሦችን አንድ ዓሣ እያልኩ ሰላም ስል ከርሜያለሁ። ሐዘኔን ለማስረሳት ኬክ በነጻ ቀረበልኝ። እርስዎም ከቢሮዎ በር ላይ ሆነው በፈገግታ እጅዎን አነሱልኝ። እኔም፣ ነገሩ እስካሁን ያሳፍረኛል፣ እጄን አነሳሁልዎ።

አራተኛውን በቁጥር ልጽፈው አልቻልኩም። ክቡር ሆይ፣ ከድታችሁናል። የከፋኝ ዓሣው መጠበሱ አይደለም፤ ዓሣ ቤት ዓሣ ቢጠብስ ማን ይገረማል? ያን የመጀመሪያ ቀን፣ እመቤቴ፣ ይህ ምግብ ቤት እንጂ የመጦሪያ ቤት አይደለም ብትሏት ኖሮ ስቃ ሽሪምፗን ትበላ ነበር፤ ነገሩም እዚያው ያበቃ ነበር። ማሉልን ብለን አልለመንናችሁም። በራሳችሁ ፈቃድ፣ በራሳችሁ አፍ፣ ያልጠየቅናችሁን ቃል ሰጣችሁን፤ እኛም አመንን፤ እሷማ ጤናዋን ከእናንተ ገንዳ ጋር አሰረች።

ቤት ስደርስ ትራስ ተደግፋ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ እህ፣ አጎቴስ አለችኝ። እኔ ያበሰለችው ሳይጣፍጠኝ ጣፈጠኝ ብዬ የማላውቅ፣ በዚህም ምክንያት ስንት ቀን የተኳረፍኩ ሰው፣ ደህና ነው አልኳት። አወቀህ ወይ አለችኝ። አፉን አጣመመብኝ አልኳት። ሳቀች፤ ያን ቀን ሾርባዋን ሳታስተርፍ ጠጣች። እኔ የአጎቷ ጣዕም ከአፌ ሳይጠፋ አጠገቧ ተቀምጬ ማንኪያዋን ያዝኩላት። ከዚያ ወዲህ ስትነቃ ትጠይቀኛለች፣ እኔም እመልሳለሁ፤ ውሸቱም ቀስ በቀስ እየሰላልኝ መጥቷል። ባጭሩ፣ ያለ ደመወዝ የእርስዎ አስተናጋጅ ሆኛለሁ፤ የጎደለኝ ነጭ ጓንቱ ብቻ ነው። ለዚህ ዕድሜዬ ሥራ ላስገኘ ቤት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ገበታዎ ሞልቶ፣ ገንዳዎ ጠርቶ፣ የሚምሉላቸው አማኝ ደንበኞችም ሳያልቁብዎ ረጅም ዘመን እንዲነግዱ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳው፣

የዘወትር ደንበኛዎ፣
የሟቹ አጎት የእኅት ልጅ ባል

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ ባለቤቴ ዘንድ ይደርሳል ብለው አይስጉ። ዓይኗ ቶሎ ስለሚደክም ጋዜጣውን የማነብላት እኔ ነኝ፤ ይህን ገጽ እዘለዋለሁ። ሐኪሙ ትናንት መጥቶ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለጥቂት ጊዜ ብትወጣ አይጎዳትም ብሏል፤ ወዴት እንሂድ ብዬ አልጠየቅኋትም፣ መጠየቅም አላስፈለገኝ። ቅዳሜ ለምሳ እንመጣለን። ክቡር ሆይ፣ እለምንዎታለሁ፣ መጋረጃው ይነሳ። ወደ ቀኝ የተጣመመ ከሆነ ታውቅብናለች፣ ወደ ግራ ይሁን። ደግሞም ወፈር ያለ ይምረጡልኝ፤ ወፍሯል ብያታለሁ።