ሰማይ ላይ ታኮ ስለተደረገላት አውሮፕላንና በእርስዎ መሳቢያ ስላለው የባለቤቴ ፎቶግራፍ

ለተከበሩ የአየር ትርኢትና የጥንታዊ መኪኖች ዐውደ ርእይ አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እጅ ነሥቼ እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ፣ በተለይም ወገብዎ እንዴት እንደሆነ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የክብር እንግዳው ከመኪናቸው ከወረዱበት ጊዜ አንሥቶ ተመልሰው እስከገቡበት ድረስ አንዴም ቀና ሲሉ ያላየንዎት ወዳጆችዎ፣ ያን ያህል ማጎንበስ በእርስዎ ዕድሜ ላለ ሰው እንደማይበጅ እየተነጋገርን ስንሳቀቅ ሰንብተናል። ፈጣሪ ያበርታዎት፤ የሚቀጥለውን ዓመት እንግዳ ደግሞ አጠር ያሉ ሳይሆን ረዘም ያሉ ሰው ያድርግልዎት።

እኔ ዕድሜዬን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የፈጀሁ፣ የሰውን አቤቱታ ስገለብጥ ኖሬ ዛሬ ገና የራሴን ለማቅረብ የበቃሁ ጡረተኛ ነኝ። በየዓመቱ ትርኢታችሁ ሲደርስ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ክንዴን የሚያህል ሌንስ አንግቼ የምቆመውና አስተናጋጆቻችሁ እርስ በርሳቸው «ባለ መድፉ» እያሉ የሚጠሩኝ ሰው ነኝ። ስለ እኔ ይህ ይበቃል። ባለቤቴን ደግሞ በሚገባ ያውቋታል፤ ያችን ባለ ድርብ ክንፍ ቢጫ አውሮፕላን፣ እርስዎ ለኮሚቴው ከመመረጥዎ ከብዙ ጊዜ በፊት ጀምሮ፣ በየትርኢቱ የምታበርረው ሴት እሷ ናት።

የዘንድሮው በረራዋ የመጨረሻዋ ነበር። የዐይኗ ብርሃን ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ስለመጣ፣ ሐኪሟ መብረሩን ከልክሏት፣ ለዚያች ለአንዲት ቀን ብቻ፣ ድሮ ተማሪዋ የነበረው አብራሪ ከኋላዋ ተቀምጦ አውሮፕላኗን እንዲቆጣጠር ተስማምተው ነው የወጣችው። ያን በረራ ፎቶ አንሥቼዋለሁ። ፎቶው ያለባት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ ደግሞ በእርስዎ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎባት ትገኛለች። ጉዳዬ ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች የማነሣቸው ሌሎች ቅሬታዎች እግረ መንገዴን ስለሆኑ ቅር አይበልዎት።

፩ኛ. በመጀመሪያ ስለ ድንኳኑ ላመሰግን እወዳለሁ። ለክብር እንግዳው ጥላ እንዲሆን የተተከለው ድንኳን ከማኮብኮቢያው ዳር፣ ልክ ከሕዝቡ ፊት ለፊት እንዲውል በመደረጉ፣ በር ላይ ተሰልፈው የገቡ ጎረቤቶቼ እንደነገሩኝ፣ ተመልካቹ አውሮፕላኖቹ ሲነሡም ሆነ ሲያርፉ የሚያየው የድንኳኑን ጀርባ ሆኖ ውሏል። ክፉ ጀርባ አይደለም። ከመካከላቸው የነበሩ አንድ ልብስ ሰፊ ስፌቱን አመስግነው፣ ግራ ጥጉ ላይ የተጣፈችው ጨርቅ ግን ከሌላው ትንሽ እንደምትደበዝዝ በጣታቸው አሳይተዋቸዋል። ሴት ልጁን ትከሻው ላይ የጫነ አንድ አባት፣ ልጅቱ አውሮፕላኑ የት እንዳለ ደጋግማ ብትጠይቀው፣ ድምፁን ሰምታ ዐይነቱን እንድትገምት ጨዋታ ፈጥሮላት ውሏል። ለዐይን የተዘጋጀን ትርኢት ለጆሮ ማድረግ የቻለ ኮሚቴ ከዚህ በፊት መኖሩን እንጃ።

፪ኛ. የጥንታዊ መኪኖቹ ውድድርም የሚዘለል አይደለም። ባለ መኪኖቹ ዓመቱን ሙሉ እሑድ እሑዱን በግራሶ ጨቅይተው ያሳመሩትን ሞተር ለማሳየት ኮፈናቸውን ከፍተው እንደተደረደሩ፣ «የተከፈተ ኮፈን የተበላሸ መኪና ያስመስላል፣ እንግዳው ቅር ይላቸዋል» ተብሎ ሁሉም እንዲዘጋ ታዘዘ። የሞተሩን ቱቦ ሁሉ አንድ በአንድ ወልውሎ የመጣው ጎረቤቴ፣ ሙያው የጥርስ ሐኪምነት ነውና፣ አፉን አልከፍትም ላለ በሽተኛ የሚሰማውን ያህል ሐዘን ተሰምቶት ኮፈኑ ላይ ተደግፎ ዋለ። ዳኞቹም እንግዳውን እግር በእግር እየተከተሉ ሲዞሩ፣ እንግዳው ደከማቸውና ጥግ ላይ ቆማ የነበረችውን የለስላሳ ማመላለሻ ፒክአፕ ተደግፈው ትንሽ አረፉ። ልባቸው ያረፈው እዚህ ላይ ነው ተብሎ ዋንጫው ከማርጀት በቀር ሌላ ጥንታዊነት ለሌላት ለዚያች መኪና ተሰጠ። ሾፌሩ «እኔ እኮ ባዶ ጠርሙስ ልሰበስብ ነው የመጣሁት» እያለ ቢለምን፣ «ትሕትናህ ያስመሰግንሃል» ተብሎ ዋንጫውን ታቅፎ ፎቶ ተነሣ። አሁን ዋንጫው ከጠርሙስ ሳጥኖች ጋር ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ስለሆነ፣ ትርኢቱ ላይ ያልተገኘውም ሰው የኮሚቴዎን ሥራ ደጁ ድረስ መጥቶለት እያየው ነው።

፫ኛ. ወደ ካሜራው ልምጣ። ዘንድሮ «ለሥርዓት ሲባል» ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ ሁሉ ከበር እንዲመለስ፣ ፎቶ የሚያነሣውም በኮሚቴው የተመረጠ አንድ ባለሙያ ብቻ እንዲሆን መወሰናችሁን በሩ ላይ ሰማሁ። የተመረጠው ባለሙያ የእህትዎ ልጅ መሆኑን ስሰማ እፎይ ብያለሁ፤ ሠርግ ሲያነሣ አይቼዋለሁና ሙሽራ በተቀመጠበት እስካልተንቀሳቀሰ ድረስ የሚያክለው የለም። የበሩ ጥበቃ ለዓመታት ስለሚያውቀኝ አፍሮ «አባባ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ትእዛዝ ነው» ሲለኝ ላስቸግረው አልፈለግሁም። ዞሬ በአጥሩ ውጭ፣ በሕዝብ መንገድ በኩል ሄጄ፣ ከዚያው ከውሃ ታንከሩ ሥር ቆምኩ።

ለምን ከዚያ እንደምቆም ጠይቆኝ የሚያውቅ የኮሚቴ አባል ስለሌለ ሳልጠየቅ ልናገር። አውሮፕላኗ ለመመለስ የምትታጠፈው በታንከሩ ላይ ነው። ከተጋባንበት ዓመት ጀምሮ ባለቤቴ እዚያ ስትደርስ፣ እኔ ሥሯ መሆኔን ስለምታውቅ፣ ግራ ክንፏን ወደ እኔ ዝቅ አድርጋ ሰላም ትለኛለች፤ እኔም ፎቶ አነሣታለሁ። ሌላ ሰው ቢያየው ተራ መታጠፍ ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ግን ፊቷ አንድም ቀን ተይዞልኝ አያውቅም፤ ወይ ትርቃለች፣ ወይ ፀሐይ ይወጋኛል፣ ወይ ያ ትልቁ የበረራ መነጽሯ ግማሽ ፊቷን ይውጠዋል። ዘንድሮ ግን አውሮፕላኗን ለተማሪዋ ለቀቀችለትና መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ከክንፉ በላይ ዘንበል ብላ ወደ ታች ፈለገችኝ። አገኘችኝም። ስትስቅ ያዝኳት። በካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ መስታወት አንድ ጊዜ ብቻ አየኋት፤ ብናገረው አላፍርም፣ እዚያው መንገድ ላይ አለቀስኩ።

እንባዬን ሳልጠርግ አስተባባሪያችሁ ሬዲዮዋን ይዛ ከአጥሩ ወጥታ መጣች። መንገዱ የእናንተ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ልጅቱ ጨዋ ናት፤ «አባቴ፣ ለማጣራት ብቻ ነው፣ ነገ ይመለስልዎታል» ብላ፣ ዐይኔን ማየት አቅቷት መሬት መሬት እያየች ካርዷን ተቀብላኝ ሄደች። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ «ነገ» የሚለውን ቃል በፍርድ ቤት አዳራሽ ስሰማ የኖርኩ ሰው ሆኜ ሳለ አመንኳት።

ከዚያ ወዲህ ቢሮዎን እየተመላለስኩ በሚገባ አጥንቼዋለሁ። እግሩ አንድ ወገን ያጠረ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሲቀመጡበት ባለጉዳይን ሁሉ ወደ በሩ ያንሸራትታል፣ ይህም ሆን ተብሎ ከሆነ አደንቃለሁ። ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን በነገረችኝ ቁጥር ሳቅዎ ከውስጠኛው ክፍል ይሰማኛል። በመጨረሻ ያገኘሁት መልስ፣ የተያዙ ካርዶች ሁሉ በሚቀጥለው ዓመት ትርኢት ዋዜማ በሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ታይተው ይወሰናሉ የሚል ነው። በኔ ካርድ ላይ ምን ምሥጢር እንደሚፈራ ባላውቅም፣ አንዲት አሮጊት ባሏን አይታ ስትስቅ መታየቷ የአገር ደኅንነት የሚነካ ከሆነ ጉባኤው ይምከርበት።

፬ኛ. ይህን ያህል ታግሼ ሳለሁ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ስጦታችሁ ነው። ሁለት የኮሚቴ አባላት ከረባት አስረው፣ በመስታወት የተገጠመ ትልቅ ሥዕል ተሸክመው ቤታችን ድረስ መጡ። ከሥሩ በወርቅ ቀለም «ለአንጋፋዋ አብራሪ የክብር ስንብት» የሚል ተጽፎበታል። ቢጫዋ አውሮፕላን በሰማያዊ ሰማይ ላይ፣ በደመና መሐል ትታያለች።

የእህትዎ ልጅ በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ የክብር እንግዳው እንዲኖሩበት ታዝዞ ስለነበር፣ ባለቤቴ በምትበርበት ሰዓት እሱ እንግዳው ስልካቸውን ሲነካኩ እያነሣቸው እንደነበር ኋላ ሰምቻለሁ። የስንብት ሥዕል ሲጠየቅ፣ ጠዋት ቆማ ያነሣትን አውሮፕላን ቆርጦ ሰማይ ላይ ለጥፏታል። እናም ክቡር ሊቀመንበር፣ በዚያ እርስዎ ዐይተው ባጸደቁት ሥዕል ላይ፣ ፕሮፔለሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የፊቱም የኋላውም መቀመጫ ባዶ ነው። ከጎማዎቹ ሥር ደግሞ፣ ቆማ ሳለች እንዳትንሸራተት የተደረጉት ሁለቱ ታኮዎች እንዳሉ አሉ። አውሮፕላን በሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት ታኮ የሚያደርግ ጥንቃቄ በዓለም ላይ ከእርስዎ ኮሚቴ በቀር የሚኖር አይመስለኝም። አብራሪዋን ለማክበር አብራሪዋን ከአውሮፕላኗ ማውረዳችሁም የራሳችሁ ፈጠራ ነው፣ ማንም አይነጥቃችሁም።

ባለቤቴ ሥዕሉን መስኮቱ አጠገብ ይዛው ተቀመጠች። አሁን የምታየው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ስለሆነ፣ አንዱን ነገር ሙሉውን በአንድ ጊዜ ማየት አትችልም፤ ቁራሽ በቁራሽ ነው የምትሰበስበው። መጀመሪያ ጎማውን አገኘች። ቀጥላ ፕሮፔለሩን አገኘችና፣ «ሞተሩ ጠፍቶባት ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰዎቻችሁ አሁንም ሻያቸውን እየጠጡ ነበር። ከዚያ ወደ መቀመጫው ወጥታ፣ ፊቷን ከመስታወቱ ልታስነካ ጥቂት እስኪቀራት ድረስ ተጠግታ፣ ለረጅም ጊዜ ራሷን ፈለገች። እንዳላገኘች ሳትናገር ሥዕሉን አስቀምጣ «እግዜር ይስጥልን» አለቻቸው። እሷ ከእኔ ይልቅ ጨዋ ናት። እኔ ግን እንግዶቹን በር ድረስ ስሸኝ አንዲት የአክብሮት ቃል እንኳ ከአፌ አልወጣ ብላኝ ነበር፤ ዛሬ አጠራቅሜ ያቀረብኩልዎት ያችኑ ነው።

እንግዲህ ክቡር ሊቀመንበር፣ የምለምነው ካሳ አይደለም፣ ይቅርታም አይደለም፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ስብሰባ መጥራት እንደሚያስፈልግዎት አውቃለሁ። ሐኪሟ እንደሚለው ያች የቀረችው ቀዳዳ ጉባኤያችሁ ከመድረሱ በፊት ትዘጋለች። ባለቤቴ ስትበር ፊቷ ምን እንደሚመስል አንድም ቀን አላየችውም። እኔ እያየሁት እንደኖርኩ ስነግራት ታምነኛለች፣ ግን ማመን ማየት አይሆንላትም። ካርዷን የምትመልሱልኝ ዛሬ ከሆነ በትልቁ አሳትሜ ቁራሽ በቁራሽ አሳያታለሁ፤ መሳቢያው ጥፍር የምታህል ካርድ ቢጎድለው ኮሚቴው አይፈርስም።

እስከዚያው ድረስ ለትርኢታችን፣ ለድንኳኑ፣ ለዋንጫውና በተለይም ለሥርዓት ያለዎትን ፍቅር እያሰብኩ፣ ሥልጣንዎ እንደዚያ ሥዕል ሳይነቃነቅ በአየር ላይ እንዲቆይ ከልብ የምመኝልዎ፣

አክባሪዎ፣
ከአጥሩ ውጭ የሚቆመው «ባለ መድፉ»፣
የአብራሪዋ ባል

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ካርዷን የምትመልሱት ጊዜው ካለፈ በኋላ ከሆነ፣ በፖስታ አትላኩልኝ። ፎቶዋን አሳትመው እርስዎ ራስዎ ይዘውልን ይምጡ። ባለቤቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ታገኝዎታለች፤ ወንበር እናቀርብልዎታለን፣ እግሮቹም እኩል ናቸው። ከዚያ ፎቶውን በእጅዎ ይዘው፣ ክንፉ እንዴት እንዳዘነበለ፣ ፊቷ ወዴት እንደዞረ፣ ፀጉሯን ነፋሱ ምን እንዳደረገው አንድ ሳያስቀሩ በቃልዎ ይንገሯት። አይቸኩሉ፣ እሷ ጥሩ አድማጭ ናት። ስትስቅ ምን እንደምትመስል ደግማ ብትጠይቅዎት ግን፣ ደግመው ይንገሯት።