ከተልባው ቅል የወጣችው ሰንጢ

ለልጅ ልጄ ለማህደር፣ ቤይሩት።

ሰላምታዬ ከሐይቅ ተነስቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ አንቺ ካለሽበት ፎቅ ድረስ ሳይደክመው ይውጣልኝ። እንዴት ከርመሻል የኔ አበባ? ጤናሽስ? ወገቤን እያመመኝ ነው ብለሽ ነበር፤ ተሻለሽ? ብርዱስ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይሰጡሻል? ማዳምሽ ዛሬም ስምሽን መጨረስ አቅቷት ግማሹን እየዋጠች ነው የምትጠራሽ? እኛ አንቺ ከጎናችን አለመኖርሽ ካልሆነ በቀር ደህና ነን። የኔ ጉልበት ብቻ ከወንበር በተነሳሁ ቁጥር እንደ አሮጌ በር ይጮኻል፤ እሱም ቢሆን ሌባ ያስደነግጥልናል።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ የጎረቤታችን የእንድሪስ ልጅ ኢንሳፍ ናት። በስልክ ለምን አልነገርከኝም እንዳትይ። በስልክ ስናወራ አያትሽ ስህን ጆሮዋን ጆሮዬ ላይ ለጥፋ ነው የምትሰማው፤ የምጽፍልሽ ደግሞ የእሷን ጉድ ነው። ስትደውዪ ምንም እንዳልሰማ ሰው ሁኚ፤ አደራ።

ከጥምቀት ወዲህ ሆዷን አሟት እንደነበር ታውቂያለሽ። ደሴ ወስደን አሳከምናት፤ በሽታው ለቀቃት። ሲሄድ ግን የምግብ ፍላጎቷንም ይዞባት ሄደ። እንጀራ ሲቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሾርባውን አንዴ ቀምሳ በቃኝ ትላለች። እናትሽ ሕይወት ከውጫሌ እየተመላለሰች ገንፎውንም አጥሚቱንም ሞከረችላት፤ ወይ ፍንክች። ሐኪሙም መድኃኒቱ ሥራውን ጨርሷል፣ ከእንግዲህ የሚያድናት መብላት ነው ብሎን ነበር። እኔን ያስጨነቀኝ ደግሞ የዓቢይ ጾም መድረስ ነው። አያትሽን ታውቂያታለሽ፤ ጾም ከገባ የንስሐ አባቷ ቄስ ሀብተ ጊዮርጊስ ራሳቸው ቢለምኗት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አትቀምስም። እንዲያ ከስታ ጾሙን ከጀመረችው ፋሲካን አብረን መዋላችንን እንጃ እያልኩ፣ ሌሊት ትንፋሿን አዳምጥ ነበር። አንቺ ስትደውዪ ደህና ናት፣ ትበላለች እልሽ የነበረው ከዚያ ሩቅ አገር ሆነሽ ምን ታደርጊ ብዬ ነው።

አንድ ጠዋት ሕይወት ወደ ቤቷ ተመልሳ እኔና አያትሽ ብቻችንን ቀረን። ተልባ ለሆድ ጥሩ ነው ሲባል እሰማለሁና፣ እኔ ታረቀኝ ሰማንያን ከተሻገርኩ በኋላ ማጀት ገባሁ። እንዳትስቂ። የትኛው ዕቃ ምን እንደያዘ ሳላውቅ ስንቱን ከፈትኩ መሰለሽ! በርበሬው አስነጠሰኝ፤ አብሹ ኮቴ ላይ ተደፋ። በመጨረሻ ጥግ ላይ የተንጠለጠለውን የተልባ ቅል አወረድኩና እጄን ሰደድኩ። ከሥሩ ጠጠር ያለ ነገር ነካኝ። ሳወጣው በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁ ቅቤ ጠግቧል። ፈታሁት። ሰንጢዬ ነበረች።

ታስታውሻት ይሆናል፤ ልጅ ሳለሽ ሸንኮራ የምልጥልሽ፣ ወይራ ቆርጬ መፋቂያ የምጠርብልሽ፣ የቀንድ እጀታ ያላት ታጣፊዋ። ከኪሴ ተለይታ አታውቅም ነበር። የከብት ገመድ እሷ ትቆርጣለች፣ የእንድሪስ የዓሣ መረብ ሲጠላለፍ እሷ ትገላግለዋለች፣ ጫማዬ ጭቃ ሲይዝ እሷ ትፍቃለች። ከዚያ ያ በየኬላው ፍተሻ የበዛበት ጊዜ መጣና በመካከሉ ጠፋችብኝ። ቤቱን ገለበጥኩት። እንድሪስን ሳይቀር፣ ወስደሃታል እያልኩ መንገድ ላይ እያስቆምኩ ኪሱን አስገለብጠው ነበር። አያትሽን ስጠይቃት፣ እኔ የወንድ ኪስ ጠባቂ ነኝ ወይ ትለኛለች። እያደር እኔም ተውኩት። እጄ ብቻ አልተወም፤ አንዳንዴ ሳላዘው ኪሴ ገብቶ ይፈልግና ባዶውን ይመለስ ነበር።

የተገኘችበትን ቦታ ልብ በይልኝ። በዚህ ቤት እጄን የማልሰድበት አንድ ቦታ ቢኖር የአያትሽ የተልባ ቅል ነው። የደበቀው ሰው እኔን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ነው።

ተልባውን ትቼ አልጋዋ ዘንድ ሄድኩና ሰንጢዋን ዘረጋኋት። ቀጭ ስትል አያትሽ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። አንዴ ሰንጢዋን አየች፣ አንዴ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁት ቆይቶ ነበርና እኔም ቁጣዬን የት እንዳደረግሁት ጠፋኝ። እንዴት እንዲህ ታደርጊኛለሽ አልኳት። ሽታው የሚባለው የሰፈራችን ሰው ኪሱ ውስጥ በተገኘች አንዲት ቢላ ሰበብ ኬላ ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ መዋሉን አስታወሰችኝ። አንተ ደግሞ ቢነግሩህ የማትሰማ፣ ፈታሾቹን ሳይቀር ካላሾፍኩባቸው የምትል ሰው ነህ አለችኝ። ተኝቼ ሳለሁ ነው ከኮቴ ያወጣቻት።

«ሰላም ሲሆን እመልስለታለሁ ብዬ ነበር» አለችኝ። «ከዚያ ወዲያ ሰላም ሆነ ብሎ መጥቶ የነገረኝ ሰው የለም።»

ማህደርዬ፣ ሰንጢዋን ወደ ብርሃኑ ይዤ አገላበጥኳት። ጨርቁን በየጊዜው እየፈታች ቅቤ ትቀባት ኖሯል። ዝገት የሚባል አልነካትም።

ግን እኔም እኔ ነኝ፤ በዋዛ አልለቀቅኋትም። እጅ ከፍንጅ ተይዘሻልና ካሳ ትከፍያለሽ አልኳት። እንድሪስ ለጥየቃ ሲመጣ ያመጣው ብርቱካን ራስጌዋ ተቀምጦ ነበር። ገና ሳንጋባ ገበያ ላይ ሳገኛት ልጣጩን ሳልበጥስ እንደ መቀነት እያወረድኩ ነበር ብርቱካን የማጎርሳት፤ እሷም ሳትበላ ልጣጩን ከፍ አድርጋ ትለካው ነበር። ያንን አነሳሁባት። ልጣጩ ሳይበጠስ ከወረደ ትበያለሽ፤ ከተበጠሰ ሁለተኛ ብይ ብዬ አልጨቀጭቅሽም አልኳት። እጄ ሲንቀጠቀጥ አየችና የረታችኝ መስሏት እሺ አለች።

ልጄ፣ እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ ምንም ቆርጬ አላውቅም። ከአናቱ ጀመርኩ። እሷ ክንዷን ተደግፋ ቀና ብላለች። ግማሽ ሲደርስ ላብ አሰመጠኝ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እጄ ከዳኝና ልጣጩ ተበጠሰ። እኔም ዝም ብዬ የተበጠሰውን በአውራ ጣቴ ደፍኜ ያዝኩትና መላጡን ቀጠልኩ። ቀና ስል የአያትሽ ዓይን አውራ ጣቴ ላይ ነው።

አፏን ከፈተች።

ፍሬ ፍሬውን እየለየሁ አጎረስኳት፤ ብርቱካኑ አለቀ። ከዋጠች በኋላ ነው «አንተ ሽማግሌ፣ ተበጥሶብሃል እኮ» ያለችኝ። እያወቅሽ ለምን በላሽ ብዬ አልጠየቅኋትም።

ከዚያ ወዲህ ምግቧ በኔና በሰንጢዋ እጅ ሆነ። ፓፓያውን በስሱ እቆርጥላታለሁ። እንድሪስ ከሐይቁ ዓሣ ሲያመጣ አጥንቱን በሰንጢዋ ጫፍ እየለቀምኩ አቀርብላታለሁ። አሁን እንጀራውንም ጀምራለች፤ ጠዋት ጠዋት ደጅ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ዶሮዎቹን ትቆጣለች። ሕይወት መጥታ ስታያት አለቀሰችና የኔ አጥሚት ነው ያዳናት አለች። እኔም ሰላም ስለምፈልግ አዎ አልኳት።

እንድሪስ ሰንጢዋን ባሳየሁት ቀን «ወላሂ ዛሬ ያንተ ተራ ነው፣ ገልብጥ» ብሎ በኢንሳፍ ፊት ኪሴን አስገለበጠኝ። ሐኪም የከለከለኝ ከረሜላ እርግፍ አለ። አያትሽም ከደጅ ሆና አየች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከረሜላዬ የት እንዳለ አላውቅም፤ ተልባው ውስጥ እንደሌለ ግን አረጋግጫለሁ።

ሰንጢዋን ላንቺ ልልካት አስቤ ነበር። ኢንሳፍ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፈትሸው ይወስዱብኛል አለችኝ። ስለዚህ በእሷ የጠረብኳቸውን የወይራ መፋቂያዎች ልኬልሻለሁ። ወፍራሙ ያንቺ ነው፤ ቀጭኗን ለማዳምሽ ስጫት፤ ምናልባት ጥርሷ ሲጠራ ስምሽን ትጨርሰው ይሆናል።

እናትሽ ሕይወት ዓይንሽን ትስማለች። እንድሪስ፣ አላህ በሰላም ያገናኘን በልልኝ ብሏል። ቄስ ሀብተ ጊዮርጊስ በጸሎት ያስቡሻል። አብረውሽ ላሉት ለአገራችን ልጆች ሁሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ። አያትሽ ደግሞ የላከችው ሰላምታ ብዙ ነው፤ እየጻፍኩ እንደሆነ አይታ፣ ስለኔ ክፉ እንዳትጽፍ ብላኛለች።

ትናንት ከቤት ስወጣ ሰንጢዋን አጥፋ፣ መታጠፏን በጣቷ አረጋግጣ፣ በገዛ እጇ ኮቴ ኪስ ከተተችልኝ። «እስከ እንድሪስ ደጅ ድረስ ሰላም ነው» አለችኝ። «አስፋልቱን ከተሻገርክ ግን ተመልሳ ወደ ተልባው ትገባለች።» እኔም እስከ እንድሪስ ደጅ ሄጄ ተመለስኩ።

እንግዲህ ማህደርዬ፣ አንቺ ስትመጪ መናኸሪያ ወርጄ ልቀበልሽ አስፋልቱን መሻገሬ የግድ ነው። መምጫሽ ሲቃረብ ደውለሽ ፈቃዱን ከእሷ ለምኚልኝ። ያን ቀን ሁሉን እንደምታውቂ ብታሳብቂም አልቀየምሽም።

አያትሽ ታረቀኝ
ሐይቅ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.