ያልተነከረው ቢላዋ

እንጅባራ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ስሜነሽ፣

የሰላምታውን ነገር ወደ ኋላ ላቆየውና ዋናውን ልንገርሽ። ዘርሽ ንጹህ ነው። በሽታውን ወደ አትክልት ቦታችን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ይህን ከሁሉ በፊት የጻፍኩት፣ ተናደሽ ደብዳቤውን ከመሃል ብታጥፊው እንኳ እሱ እንዲደርስሽ ብዬ ነው።

የቀረው እንዴት እንደሆነ ነው። ግማሹን ከእኔ ቀድመሽ ታውቂዋለሽ።

ጥር 17 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ድንች የተከልንበት ዕለት፣ የእርሻ ማሠልጠኛ ማዕከላችን የደረስኩት ከሁሉም ቀድሜ ነው። መደብ ሰባት ዘር ስለጎደለው ከቤቴ አንድ ቅርጫት ድንች ይዤ መጥቼ ነበር። ትልልቁ ለሁለት መቆረጥ ነበረበት። ግድግዳው ላይ በራሴ እጅ የጻፍኩት ደንብ «ከእያንዳንዱ ድንች በኋላ ቢላዋው በረኪና ውስጥ ይነከር» ይላል። በረኪናው ግን ዕቃ ቤት ነው፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ደግሞ አስተባባሪያችን ባምላክ ዘንድ ነው፤ ባምላክም ገና ከተማ ሆኖ ባጃጅ እየጠበቀ ነበር። የራሴ ድንች ነው፣ ምን ይኖረዋል ብዬ መቁረጥ ጀመርኩ።

አንቺ ከእርሻሽ ሁለት ጆንያ የዘር ድንች በጋሪ አስጭነሽ ስትደርሺ ቅርጫቱን ቆርጬ ጨርሼ ነበር።

«መምህር፣ ዛሬም ቀደሙን?»

«አንቺ ስታረፍጂ ድንቹ ይጠብቅሻል እንዴ? በስድስተኛ ክፍልም እንዲሁ ነበርሽ!» አልኩሽ።

ሳቅሽ። እኔም ቢላዋውን በኮቴ ጫፍ ጠረግኩና የመጀመሪያውን ጆንያሽን ፈታሁ። ያን ጊዜ ነው ቢላዋውን ያየሽው። ቀጥለሽም ባልዲው ይኖራል ብለሽ ከእግሬ ሥር ፈለግሽ። ባልዲ አልነበረም። ዓይንሽ ወደ ፊቴ ሲመጣ አቀርቅሬ መቁረጤን ቀጠልኩ። አስተማሪሽን «ይንከሩት እንጂ» ማለት ከበደሽ። ባምላክ በረኪናውን ይዞ እስኪደርስ ድረስ የጆንያውን ግማሽ ቆርጬ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ መዝገቡን ሞላሁ። ማን ምን አመጣ፣ የትኛው ዘር የትኛው መደብ ላይ ተተከለ፣ በስንት ሰዓት፣ ሁሉም አለ። «ቢላዋ ተነክሯል?» በሚለው ዓምድ ሥር ለዐሥራ ሁለቱም መደቦች ራይት አደረግሁ። እጄ ልማዱን ነው የሠራው። ግን ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ደብተር ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝና እጄን ሰበብ አላደርገውም።

መጋቢት ላይ የሆነውን ታስታውሻለሽ። መጀመሪያ መደብ ሦስት ቀትር ላይ አንገቱን ደፋ፤ ውሃ አጠጣነው። በማግስቱ አራትና አምስትም ደፉ። ሦስቱም ያንቺ ዘር ያለባቸው ነበሩ። ሰባትም ጠወለገ፤ እሱን ግን በሽታው በቦዩ ውሃ ተሻግሮበት ነው ብዬ ለሁሉም አስረዳሁ። በቢላዋም በውሃም የሚተላለፈው አጠውልግ የሚባለው የድንች በሽታ መሆኑን ካወቅን በኋላ ፍርሃቱ ከድንቹ በላይ ሆነ። ያ መሬት ምን እንደነበረ እናውቃለን። የዲከረንስ ደን ነበር፤ ስንቱን ቤት ያቆመ፣ ስንቱን ልጅ በከሰሉ ያስተማረ ዛፍ፣ በሽታ ገብቶበት ቆሞ ሲደርቅ ሁላችንም አይተናል። ማዕከሉን ያቋቋምነውም ከዚያ ወዲህ ነው። በአንድ ዛፍ ላይ ከመንጠልጠል ቀርቀሃውን፣ አትክልቱን፣ ንቡን፣ አፈሩን አንዱ ሌላውን እንዲረዳ አድርጎ ማልማት፣ ሠልጣኞቹ ፐርማካልቸር የሚሉትን ማለቴ ነው፣ ለማስተማር። እዚያ ሰው ፊት «በሽታ» ብሎ የተናገረ ሰው እሳት ተነሣ ያለ ያህል ነው።

በስብሰባው ላይ ባምላክ መዝገቡን ገልጦ አነበበ። ከውጭ የመጣው የስሜነሽ ዘር። ቢላዋው ተነክሯል። አንገቱን ቀና አድርጎ «መዝገቡ ይኸው ነው፤ የያዙት መምህር ናቸው» አለ። እኔ የፊት ወንበር ላይ ነበርኩ።

አንቺ ተነሣሽ። አማርኛሽን እኔ ነኝ ያረምኩት፤ ከእኔ ባላነሰ ትናገሪዋለሽ። ያን ዕለት ግን ስብሰባውን ወደሚያስተረጉምልን ወደ ገበየሁ ዞረሽ በአገውኛ ተናገርሽ። ረጅም ነበር። እዚህ አገር ይህን ያህል ዘመን ኖሬ ከሰላምታ ያለፈ አገውኛ አላውቅም። ስትጨርሺ ገበየሁ ጉሮሮውን ጠረገና «ዘሬ ንጹህ ነው ነው የምትለው» አለ። በቃ። በአገውኛ የሰሙሽ ሰዎች፣ ከተቀመጠው ግማሹ ማለት ነው፣ አንገታቸውን ደፉ። ባንቺ ያፈሩ መሰለኝ። ዘርሽ ከእንግዲህ ማዕከሉ እንዳይገባ ተወሰነ፤ እጄን አወጣሁ። ነጠላሽን አጣፍተሽ ወጣሽ።

ወሬው ጥርባ ድረስ ወዳሉት መንደሮች ለመድረስ ሁለት የገበያ ቀን አልፈጀበትም። ዘርሽን አስቀድመው ያዘዙ ገበሬዎች ሁሉ ቀሩ። ልጆችሽን ለአማትሽ ትተሽ ዳንግላ እህትሽ ዘንድ መሄድሽን፣ እዚያም ምግብ ቤት ሳህን እንደምታጥቢ ስሰማ አዘንኩ። ያዘንኩት ግን ጥፋተኛ ተማሪ እንደተቀጣ አስተማሪ ነበር፤ ይህንንም ልደብቅሽ አልፈልግም።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ከገበየሁ ጋር በእርሻ ሹካ ኮምፖስት እያገላበጥን ነበር። የእሱን ነገር ታውቂዋለሽ፣ አፉ አያርፍም። «መምህር፣ ይህን ጭቃ እንደ ደብተር መስመር አስይዘው ይከምሩታል፤ ትሉ ማርክ ይሰጥዎታል እንዴ?» እያለ ሲቀልድብኝ ቆየና በድንገት ሹካውን መሬት ላይ ተከለው።

«አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ገብቶ ሊወጣልኝ አልቻለም። ያን ዕለት የስሜነሽን ነገር አሳጥሬዋለሁ።»

«የቱን ነገር?»

«ያለችው እንዲህ ነው። ዘሬ ንጹህ ነው። መምህር የራሳቸውን ድንች የቆረጡበትን ቢላዋ ሳይነክሩ የኔን ሲቆርጡበት አይቻለሁ። እሳቸውን ጠይቁልኝ፤ አይዋሹም።»

ሹካዬን ያዝኩት። ሌላ የምይዘው ነገር አልነበረም።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«እርስዎን? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? አፌ እሺ አላለኝም። የሰማው ሰውስ ተናገረ? ደግሞ መዝገቡ ላይ ራይት አለ። እርስዎ የጻፉትን ማን ይሽራል ብለን ነው፣ መምህር።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መደብ ሰባት ሞልቶ ከቅርጫቱ የተረፈውን ድንች ጓሮዬ ተክዬው ነበር። ዘሩም ልጄ ለወጥ ብላ ከገበያ የገዛችው ነው፤ «የገበያ ድንች ለዘር አይሆንም» ብዬ ደጋግሜ የማስተምር ሰው! ጠውልጎ ነበር። ሰሞኑን ሳየው ውሃ ጠምቶት ነው እያልኩ አልፈው ነበር። ለሠልጣኞች የማሳየውን አደረግሁ። ግንዱን ከሥሩ ቆርጬ፣ ጫፉ ንጹህ ውሃ እንዲነካ አድርጌ ብርጭቆ ውስጥ አንጠለጠልኩት። በሽታው ካለ ከግንዱ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ይወርዳል። ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ደቂቃ። ሦስት። አራተኛው ሳይሞላ ክሩ ወረደ። ቀጭን፣ ወተት የመሰለ፣ ቀጥ ብሎ ብርጭቆው ሥር ደረሰ።

ውሃውን ደፋሁት። ብርጭቆውን በሳሙና አጠብኩት። ሰው እንዳያይ ብዬ ነው ያጠብኩት፣ ስሜነሽ።

ዐሥር ቀን ዝም አልኩ። ሰሙነ ሕማማቱን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ ከረምኩ፤ ጉልበቴ እስኪያብጥ ሰገድኩ፣ አልተናገርኩም። ያንቺም ዘር ታሞ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረኝ። የማፍርበት ትልቁ ነገር ያ ተስፋ ነው።

ማክሰኞ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ገበየሁን ይዤ እርሻሽ ሄድኩ። አማትሽ እትዬ በቀለች በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን።

«ደግሞ ምን ቀረና ሊወስዱ መጡ?»

«ልንወስድ አይደለም። ልናይ ነው።»

«ማየት ድሮ ነበር» አሉ። ግን በሩን ለቀቁልን። ብርጭቆ ስለምናቸው ስምንት አወጡ፤ ሁለቱን ከጎረቤት ተዋሱ። ከዚያው ዘር ከተከልሽው ማሳ፣ ከዐሥር ቦታ ዐሥር ግንድ ቆርጬ በረድፍ አንጠለጠልኩ። ቢላዋውን በየግንዱ ነከርኩት። እትዬ በቀለች አጠገቤ ቆመው እጄን ሲቆጣጠሩ ነበር። ሃያ ደቂቃ ቆየን። ልጅሽ ሜላት ብርጭቆዎቹን ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ አየችና «ውሃ ብቻ ነው» አለች። ውሃ ብቻ ነበር። ዐሥሩም።

ለገበሬዎቹ ያቆየሽውን የዘር መደርደሪያሽንም አየሁት። ዘሩ ቡቃያ አውጥቷል፤ ገና አጭርና ጠንካራ ነው። እትዬ በቀለች በየቀኑ እያገላበጡ ብርሃን ያስነኩታል። ግንቦት ከገባ ግን ቡቃያው ረዝሞ ይሰበራል፣ ለዘር አይሆንም። ስለዚህ ጊዜ የለንም።

ትናንት ለባምላክ ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ።

«መምህር፣ የሚመጣው ማክሰኞ የመሬቱን ውል ለማደስ ከወረዳ ይመጣሉ። አሠልጣኙ ራሱ ደንብ ጥሶ በሽታ አስገባ ከተባለ ቦታውን ይቀሙናል። ሁለት ሳምንት ይታገሱ፤ ከዚያ እኔ ራሴ አብሬዎት እቆማለሁ።»

«ዘሩ ሁለት ሳምንት አይታገስም።»

«ለአንድ ሰው ብለው የስልሳ ሰው ቦታ?»

ክፉ ልጅ አይደለም፤ ለቦታው የደከመውን እኔ አውቃለሁ። ማክሰኞ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ማዕከሉ በእኔ ምክንያት ሊዘጋ ይችላል፤ ያንን እያወቅሁ ነው የምጽፍልሽ። «ይህንንም በደል ያደረስነው ስሜነሽ አንድ ሰው ናት ብለን ነው» አልኩትና ወጣሁ። ከኋላዬ አልጠራኝም።

ከደብዳቤው ጋር የመዝገቡ ገጽ አለልሽ። የሐሰቱን ራይት በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ ትክክለኛውን ጽፌ፣ ከሥሩ ፈርሜበታለሁ። ገበየሁም በምስክርነት ፈርሟል። ዘር ያዘዙሽ ሰዎች ዘንድ የዚህኑ ግልባጭ ይዘን ዛሬ ከሰዓት እንሄዳለን። አንቺ ማንንም መለመን የለብሽም።

እሁድ፣ የዳግም ትንሣኤ ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ አባላቱ ሁሉ ማዕከሉ ይሰበሰባሉ። ቆሜ ይህንኑ እናገራለሁ። አሠልጣኝነቱንም እተዋለሁ፤ ከፈቀዱልኝ ቦይ እቆፍራለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ እዚህ ላይ አልጽፍም፤ አስተማሪሽ ስለሆንኩ ብቻ እሺ እንዳትይኝ እፈራለሁ።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ፤ ከዳንግላ በጠዋቱ ሚኒባስ ከመጣሽ ትደርሺያለሽ። እኔ በአማርኛ ስናገር ገበየሁ ወደ አገውኛ ይመልሰዋል። አንዲት ቃል እንዳትዘል ብዬ አስምዬዋለሁ፤ ግን አሁንም እኔን ማክበሩን አልተወም፣ አላምነውም። የፊት ወንበር ላይ ተቀመጪ፤ ያ የእኔ የነበረው ወንበር ነው። ካሳጠረ አስቁሚን፤ አንቺ ራስሽ ሙሉውን ተናገሪው።

ይሄነው ፀጋው