እናት ፈቅዳለች?

ማክሰኞ፣ ጁን 3
ለሚመለከተው ሁሉ... ከእኔ በቀር የሚመለከተው ባይኖርም። የፋጊያ ጥያቄ ከዛሬ ጀምሮ በይፋ ተቀይሯል።

ፋጊያ፣ በስዋሂሊ «ጥረግ»፣ የእኔው ፍጡር የሆነ ፕሮግራም ነው። ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ ስሙን ስትጽፍለት ክላስተሩ ውስጥ፣ ማለትም በተያያዙት ኮምፒውተሮቻችን ላይ፣ ሞተው የቀሩ ኮንቴይነሮችን፣ የፕሮግራም ማሸጊያዎችን፣ ጠራርጎ ያወጣል። (አጎቴ ኮንቴይነር ሲባል እስከ ዛሬ ሞምባሳ ወደብ የምሠራ ይመስለዋል። አላረምኩትም፤ ወደቡ ያስከብራል።) ከመጥረጉ በፊት «እርግጠኛ ነህ?» ይል ነበር። ማን ያነባል? ሁሉም «አዎ» ብሎ ያልፋል፤ በሕይወት ያለውንም አብሮ ይጠርጋል። አሁን «እናት ፈቅዳለች?» ይላል። «እናቴ ፈቅዳለች» ብለህ እስክትጽፍ ንቅንቅ የለም። «አዎ» ካልክ ደግሞ፦ «አዎ አይበቃም። እናት ትጠየቅ።»

አለቃችን ቼላጋት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «የእኔ እናት እንኳን ክላስተር ማንቆርቆሪያም አታስነካኝ!»

ከላዩ «የሙከራ ነው፤ ቢሰበር ጸሐፊውን አታውቁትም» የሚል ለጥፌበታለሁ።

ሐሙስ፣ ጁን 5
ቢሮው ሁሉ ያዘው። ሻይ ላይ ሁለተኛ ቻፓቲ ላነሳ ስል፣ አጠገቤ የሚቀመጠው ኦቱኦማ ከኋላ፦ «አንተ! እናት ፈቅዳለች?» ዝነኛ ሆንኩ እኮ።

ያልሰማች ባልደረባችን ንዱኩ ብቻ ናት። እናቷ ታመውባት አገሯ ማኩዌኒ ከሄደች ሰነበተች።

ቅዳሜ፣ ጁን 14
የንዱኩ እናት ተቀበሩ። ማታቱ ሚኒባስ ተከራይተን ማኩዌኒ ወረድን። «አይዞሽ» አልኳት። ፋጊያ ትዝ አለኝ? ለምን ትዝ ይለኛል...

ሰኞ፣ ጁን 23
ንዱኩ ተመለሰች። ተረኛዋም እሷው ሆነች። ረፋዱ ላይ በእኛ ክላስተር የሚሠራው የአውቶቡስ ትኬት መቁረጫ ቆመ። ኪሱሙ የሚሄደው ሁሉ መናኸሪያ ላይ ይጮሃል። ክላስተሩ በሙት ኮንቴይነር ታንቋል። ትልቁ ስክሪን ፊት ተኮለኮልን።

ንዱኩ ጻፈች፦ ፋጊያ።
እናት ፈቅዳለች?
ጻፈች፦ አዎ።
አዎ አይበቃም። እናት ትጠየቅ።

ቼላጋት ዞራ አየችኝ። እኔስ ምን አልኩ? ይቅርታ? የለም። «ሌላ መልስ አይቀበልም፤ ‹እናቴ ፈቅዳለች› ብለሽ እንዳለ ጻፊው» አልኩ። መመሪያ ሰጠሁ!

ጻፈችው። ፊደል በፊደል። ተጠረገ፤ ትኬቱ ተከፈተ። ንዱኩ በአፍንጫዋ ፍንን አድርጋ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከሳቀች... ምንም አይደል ማለት ነው። አይደል?

ማክሰኞ፣ ጁን 24
ሆነም አልሆነም፣ ጥያቄውን አጠፋሁት። አዲሱ «ልጥረግ?» ብቻ ይላል። ግን አሮጌው በየሰዉ ማሽን ላይ ተቀምጧል። «ላድስላችሁ» እያልኩ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ለልመና ወጣሁ።

ኦቱኦማ፦ «የሙከራ ነው ብለህ የለ? የሙከራ ነገር አላድስም። ደግሞ ለምን ተቀየረ? እናት ከለከለች?»

ምክንያቱን ልናገር... «የፊደል ግድፈት ነበረበት» አልኩ። ምላሴ! ቼላጋት ከወዲያ፦ «ማሽኑን ስጠው፣ ኦቱኦማ።» ቀጥላ ወደ እኔ፦ «የንዱኩንስ?»

የንዱኩን ነገ።

ረቡዕ፣ ጁን 25
ነገ።

ሐሙስ፣ ጁን 26
ሄድኩ። «ንዱኩ፣ ማሽንሽን ለአፍታ... ፋጊያን ላድስልሽ።»

«አድሼዋለሁ።» ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም። «የዚያኑ ሰኞ ዕለት፣ ጥያቄውን ራሴ ቀይሬ።»

ዝም ብዬ መመለስ ነበረብኝ። ምላስ መች ያርፋል? «እኔ እኮ... ስትስቂ ጊዜ ቀልዱን የወደድሽው መስሎኝ...»

አሁን ቀና አለች። «ማ? እኔ ሳቅሁ?»

«በአፍንጫሽ...»

«አፍንጫዬን ነው የጠረግኩት፣ ምዋኪዮ።»

መሬት አልተከፈተችም። ስትፈለግ መቼ ተከፍታ ታውቃለች? «ይቅርታ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የሌላ ሰው ይመስላል።

«እሺ» አለች። እሺ ማለት ይቅር ማለት ነው? ወይስ ሂድልኝ?

ዓርብ፣ ጁን 27
ሻይ ላይ ማንም ስለ እናት አላነሳም። ንዱኩ ዛሬም በራሷ ፋጊያ ስትጠርግ ነበር። የእሷ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አላየሁም። አልጠየቅሁምም።

እርማት፦ በጁን 23 ማስታወሻ ላይ «ንዱኩ በአፍንጫዋ ፍንን አድርጋ ሳቀች» ተብሎ የሰፈረው ስህተት ስለሆነ «አለቀሰች» ተብሎ ይነበብ። ቀጥሎ ያለው «እኔም ሳቅሁ» የሚለው ግን ትክክል ነው፤ እንዳለ ይጸናል።