ቅዳሜ የተቆፈረ መቃብር

ይድረስ ጥለኸኝ ለሄድከው ለደምስዬ፤

እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጠይቅህ መልስ አትሰጠኝም፤ ስለዚህ የራሴን ልንገርህ። ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። ደህና ነኝ። ተናድጃለሁ እንጂ ደህና ነኝ። አንተ እኮ ስናደድ ጤነኛ መሆኔን ታውቃለህ፤ የምትፈራው ዝም ስል ነበር።

ቤቱ እንዳለ ነው። ሻይ ቤታችንን አልዘጋሁም። በረንዳውን ቆርቆሮ አልብሼዋለሁ፤ የከባድ መኪና ሾፌሮቹም የቦዳቦዳ ሞተር ብስክሌት ነጂዎቹም ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮው ይመጣሉ። ሰብለ አግብታ ሄሉ ሰፈር ገብታለች። ልጅህ ባሏን የምትቆጣው ልክ እኔ አንተን እንደምቆጣህ ነው፤ ምስኪን ሰውዬ፣ ይልመደው።

ቅዳሜ ግን አሁንም አልከፍትም። ሰብለ ትስቅብኛለች። የእሷ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ክርስቶስ ከሕግ ነፃ አውጥቶናል፣ ሰንበትን መጠበቅ ወደ ኋላ መመለስ ነው ይላሉ። ነፃ ከወጣሁ ማረፍም ነፃነቴ ነው አልኳት። ሳምንቱን ሙሉ ምድጃ ሥር ስትንቆራጠጥ የከረመች ሴት አንድ ቀን እግሯን ብትዘረጋ የትኛው ሐዋርያ ይቀየማታል? ይህን ቀን የሰጠኸኝ አንተ ነህ። መጀመሪያ ስትሰጠኝ ተጣልቼሃለሁ፣ አሁን ማንም አይወስድብኝም።

ያ ድርቅ ትዝ ይልሃል? ላሞቹ አልቀው፣ እዚህ ኬንያ ሞያሌ ውስጥ ያለ ሻይ ቤት ሁሉ ከጎዶማ ገጠር በጄሪካን በሚመጣ የግመል ወተት ሻይ ሲያፈላ፣ እኛ ቤት ብቻ ጥቁር ሻይ ነበር። አዲሱ ጉባኤ ከገባህ ወዲህ የሙሴን ሕግ በሥጋችን መጠበቅ አለብን ብለህ ነበር። የግመል ሥጋ አለመብላቱስ የእናቶቻችንም ወግ ነው፤ አንተ ግን ወተቱንም፣ ወተቱ የነካውንም ኩባያ ጨመርክበት። አንድ የሱማሌ ሾፌር ወተት ሲጠይቅህ፣ ግመል ታመሰኳለች እንጂ ሰኮናዋ አልተሰነጠቀም ብለህ ከሀ እስከ ፐ አስረዳኸው። ሰውየው በትዕግሥት ሰምቶህ ሲያበቃ፣ “ሳዋ ምዜ፣ ቻይ ኢኮ?” አለህ፤ እሺ ሽማግሌው፣ ሻይስ አለ? ማለቱ ነበር። እኔ ከጓሮ ሆኜ ስስቅ ሰምተኸኝ ሁለት ቀን አኮረፍከኝ።

ከሐበሻው እድር ስትወጣ ግን አልሳቅኩም። ለምኜህ ነበር። ሕጉን የማይጠብቁ ሰዎች ባረዱት ድንኳን ውስጥ አልቀመጥም ብለህ ወጣህ፤ ስንሞት የሚቀብሩን ወንድሞች አሉን አልከኝ። አመንኩህ። አንተም አምነሃቸው ነበር።

ከዚያ ታመምክ። ምግብ አልወርድልህ ሲል ጎረቤታችን ሀሊማ በአጥሩ በኩል ወተት አቀበለችኝ። የምን ወተት ነው ብለህ ጠየቅከኝ፤ የግመል ነው አልኩህ። እኔ አንተን ዋሽቼህ አላውቅም።  ከዚያ እጅህን ዘረጋህና ጠጣህ፤ ሀሊማን አመስግኝልኝ አልከኝ። ከዚያ በኋላ የምን እንደሆነ ጠይቀህ አታውቅም፤ በየቀኑ ጠጣህ። ያንን እጅህን አልረሳውም።

ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ አረፍክ። እንግዲህ ሰንበት ገብቷል። ወንድሞችህ መጡ፤ አልቅሰዋል፣ ጸልየዋል፣ አልበድላቸውም። መቃብር መቆፈር ግን ሥራ ነው፣ እሑድ ጠዋት ይሁን አሉኝ። የሞያሌን ሙቀት ታውቀዋለህ፤ መብራትም ከጠፋ ሰንብቶ ነበር። ጌታ በሰንበት በሽተኛ አልፈወሰም ወይ? ጉድጓድ የገባ በግ በሰንበት ይወጣ የለም ወይ? አልኳቸው። ሽማግሌያቸው ወንድም ናትናኤል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ያ ማውጣት ነው፣ ይህ ግን ማስገባት ነው አለኝ። እንባዬ እዚያው ደረቀ። እድሩ ዘንድ እንዳልሄድ ስምህን ሰርዘሃል።

ሀሊማ በአጥሩ በኩል ሁሉንም ሰምታለች። ጠዋት ወንድሟ አደን የመስጊዳቸውን ሰዎች አስከትሎ አካፋና ዶማ ይዞ በር ላይ ቆመ። “ፖሌ ማማ፣ አይዞሽ፣ የት ነው የምንቆፍረው?” አለኝ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። ያ አፈር ድንጋይ ነው። ቆፈሩ። ማንም ስላልነገራቸው እጃቸው እንደለመደው ቆፈሩ፤ በሰሜኑ ግድግዳ ሥር ወደ ጎን ጓዳ አበጁልህ፣ እነሱ ሬሳቸውን ፊቱን ወደ መካ አድርገው እንደሚያስተኙት። ሊጨርሱ ሲሉ አደን ድንገት ቀና ብሎ አየኝና ደነገጠ። እናንተ እንዲህ አይደለም የምትቀብሩት፣ ደፍነን እንደገና እንጀምራለን አለኝ። መዳፉ ተልጦ ነበር። ይበቃል፣ አስገቡት አልኩ። በአቡጀዲ እንደተጠቀለልክ አስተኙህ። ጸሎቱን ሰብለ አደረሰች። ወደ ሰሜን ታያለህ፤ ሰሜን ደግሞ ድንበሩን እንደተሻገርክ አገርህ ነው፣ ምን ጎደለህ?

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ናትናኤል ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጣ። ሙት ዓመቱ ከመድረሱ በፊት መቃብሩ ይከፈት፣ እንደ ክርስቲያን በጀርባው ይተኛ፣ ፊቱም ወደ ምሥራቅ ይመለስ አሉኝ። ቀኑንም ቆርጠው ነው የመጡት፤ ማክሰኞ። ያን ቀን ያልተገኘው አካፋ አሁን ተገኘ! እምቢ ካልኩ ለሙት ዓመትህ አንዳቸውም ደጄን እንደማይረግጥ፣ እኔም ከጉባኤው እንደማልቆጠር ነገሩኝ።

እኔ ደግሞ እንዲህ አልኳቸው። ሕጉ በመንፈስ ብቻ አይደለም፣ በሥጋም ይጠበቅ ትሉ ነበር፤ መልካም። የደምሴን ሥጋ በዚያ ቀን የተሸከመው ማን ነበር? የግመል ወተቱንም ነገርኳቸው። ጠጥቶ ነው የሞተ፣ አመስግኖ ነው የሞተ አልኳቸው። ኩባያቸውን እንደ እሳት አስቀመጡት። ጥቁር ሻይ ነበር ደግሞ። ናትናኤል፣ ደክሞት ከሆነ የፈረሰውን እኛ እናቅናለት አለኝ። ደምስዬ አልፈረሰም፤ እኔ አጠገቡ ነበርኩ፣ እናንተ አልነበራችሁም አልኩት።

ሕጉን ንቄው አይደለም። ሰንበትን ወድጄዋለሁ፣ እግዜር እንድናርፍ ማሰቡ ደስ ይለኛል። ግን ጎረቤቶቼ በላባቸው የሠሩልኝን ርኩስ ነው የሚል ሕግ እኔ ቤት አይገባም። ሰብለ ሁሉንም ጣይው ትለኛለች፣ እነሱ ሁሉንም ያዢው ይሉኛል። እኔ የምይዘውን እኔ አውቃለሁ።

በመጨረሻ እሺ አልኳቸው። መቃብሩን ክፈቱ፣ ግን በቅዳሜ ኑ። ሙት ማገላበጥ የእግዜር ሥራ ከሆነ ሰንበት አይከለክለውም፤ የሰው ሥራ ከሆነ ግን ማክሰኞም ቢሆን አልፈቅድም። ተያዩና ወጡ።

ለሙት ዓመትህ ሀሊማ ፍየል ታመጣለች፤ በቁሟ ነው የምታመጣት፣ በክርስቲያን ወጋችን ራሳችን እንድናርዳት። የአንተን ሕግ ከወንድሞችህ ይልቅ እሷ አስባበታለች። ድንኳኑ ባዶ ይሆናል ብለህ አታስብ።

እረሳሃለሁ ብለህም አትስጋ። ሳቅህን፣ ኩርፊያህን፣ ወተቱን የተቀበልክበትን እጅህን ይዤ እኖራለሁ። በሕይወት እስካለሁ ካለህበት ማንም አይነቀንቅህም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ ቤቱን ዘግቼ አጠገብህ እግሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ፤ አካፋ ይዞ የሚመጣ ካለ እዚያው ያገኘኛል።

ያንተዋ ፈትለወርቅ