ደረጃቸውን በገዛ እጃቸው የመለሱት ሥራ ተቋራጭ

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «ውሃ ልክ» በሚል ቅጽል የሚታወቁት ወንድማችን፣ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1945 ዓ.ም. ከመኪና ጋራዦች ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ነኝ፤ ለቤቱ አራተኛ ልጅ፤ ጋሼ እያልኩ ኖሬአለሁና ዛሬም ጋሼ እላቸዋለሁ።

በ1966 ዓ.ም. ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በሕንፃ ግንባታ ተመርቀው ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፎርማንነት አገለገሉ። በ1972 ዓ.ም. መምህርት ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። ቅጽላቸው የወጣው ያቺን ትንሽ ውሃ ልክ ከኪሳቸው ስለማይለዩ ነው፤ በእኔ ሠርግ እንኳ የሙሽሮቹን ጠረጴዛ ለክተው፣ አዘንብሏል ብለው ከእግሩ ሥር ካርቶን ወሽቀዋል።

በ1985 ዓ.ም. የራሳቸውን ድርጅት አቋቁመው በሥራ ተቋራጭነት ተመዘገቡ። የመንግሥት ጨረታ ለመግባት ደረጃ ያስፈልጋል፤ ደረጃውን የሚሰጡት መዛኞች ደግሞ ግቢ ድረስ መጥተው ባለሙያና ማሽን ይቆጥራሉ። በ1993 ዓ.ም. ጋሼ ከደረጃ ስድስት ከፍ ወዳለው ደረጃ አምስት ለማለፍ የጎደላቸው አንድ ኤክስካቫተር ነበር። ብዙዎች እንደሚያደርጉት ከወዳጅ ተዋሱ፤ በማሽኑ በር ላይ የነበረውን የባለቤቱን ስም በቀለም አስደፍነው የራሳቸውን አስጻፉበት። ተቆጠረ፣ አለፉ። ወዲያው የአንድ ጤና ጣቢያ ግንባታ ጨረታ አሸነፉ። ቤታችን በእልልታ ቀለጠ።

ጋሼን ግን ሳቅ ራቃቸው፤ እህልም አልወርድ አላቸው። ውሉ ሊፈረም ሦስት ቀን ሲቀረው የምስክር ወረቀቱን ከግድግዳ አውርደው መዛኞቹ ቢሮ ሄዱና፣ የቆጠራችሁት ማሽን የእኔ አይደለም ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ደረጃ መላሽ መጥቶ ስለማያውቅ የሚሞላ ቅጽ ጠፍቶ ግማሽ ቀን ጠበቁ። ሥራው ለሌላ ተሰጠ፤ እሳቸውም ለሁለት ዓመት ከጨረታ ታገዱ። ምን ነካዎት፣ ማን ጠየቀዎት ብዬ ጮኼባቸዋለሁ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። እሳቸው ሁለት ሰሃን ሙሉ በልተው፣ እፎይ፣ ወረደልኝ አሉና በጠራራ ፀሐይ ለጥ ብለው ተኙ።

የእገዳውን ዘመን የሰዎችን ግቢ አጥር በመሥራት ገፉት። በ1999 ዓ.ም. አዲስ ኤክስካቫተር በስማቸው ገዝተው ደረጃ አምስትን፣ በኋላም ደረጃ ሦስትን አገኙ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በጉበት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ሥራውን የተረከበችው ኢንጂነር ልጃቸው ፈቃዱን የምታሳድሰው በዚሁ መሀል ሆነ። ጋሼ ከአልጋ ሆነው ቆጠራውን በስልክ ይከታተሉ ነበር። አንድ አንጋፋ መዛኝ፣ ከሥር የሌላ ሰው ስም ተደፍኖ እንደሆነ ለማየት የኤክስካቫተሩን በር ቀለም በቁልፍ ፋቁት። ከአዲሱ ቀለም ሥር አሮጌ ቀለም ወጣ፤ በአሮጌው ላይ የተጻፈውም ያው የጋሼ ስም ነበር። ልጃቸው ይህን ስትነግራቸው፣ ሕመማቸው እንደዚያ በርትቶ እያለ፣ እስኪያስላቸው ሳቁ።

በአራተኛው ቀን፣ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በ71 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን እህት ወንድሞቻቸውን ትተዋል። ማጣታችን ከባድ ነው፤ ግን እኔ ስለ እሳቸው አልሰጋም። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበልልን፤ ቢፋቅም ከሥር የሚወጣው የራሳቸው ስም ነው።