ስኳር ድንቹን እንዴት ነበር የምትሠራው?

ይድረስ ለልጄ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? ያ ወገብህ እንዴት ነው? ረጅም መንገድ ስትነዳ አሁንም ያስቸግርሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ ደህና ናቸው? ለወግ ያህል እየጠየቅኩህ እንዳይመስልህ፤ ከልቤ ነው። ቂም ይዤብህ ነበር፤ አሁን ግን ብፈልገው ብፈልገው የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ።

እኔ አለሁ። ፌንጣ የምትላት ልጅህም አለች። «ደህና ናት» ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ስልክህ አይሠራም። ደውዬ ደውዬ ሲሰለቸኝ ያን አብሮህ ይነዳ የነበረውን ወፍራም ጓደኛህን የጭነት መኪኖቹ ማቆሚያ ድረስ ሄጄ ፈለግኩት። ያለህበትን እንደሚያውቅ፣ በዚህ ሳምንትም ጭነት ይዞ በዚያ እንደሚያልፍ ነገረኝ። ይህን ወረቀት ለሌላ ሰው ሳይሆን ለአንተው በእጅህ እንዲሰጥህ አስምዬዋለሁ።

የምጽፍልህ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ስኳር ድንቹን እንዴት ነበር የምትሠራው?

አትሳቅ፤ የምሬን ነው። ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

መታመሟን ሰምተሃል ብሎኛል ጓደኛህ። ምን እንደሆነች ግን በወጉ የነገረህ ያለ አይመስለኝም። ልቧ ነው። ልቧ ውስጥ አንደኛው በር በደንብ አልዘጋ ብሏል አሉኝ። ልብ በር እንዳለው መች አውቄ! ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል ተባለና ወረፋ ያዝን። እስከዚያው የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ፣ ቀጭን ቁጡ ሴትዮ ናት፣ አስቀምጣ አስጠነቀቀችኝ። ጨው የሚባል ነገር በአፏ እንዳይዞር፤ ዘይትም በጣም ጥቂት። ከምግቧ ጎን ግን የተቀቀለ ስኳር ድንች አይጥፋ፣ ለሆድ አይከብድም፣ ጉልበት ይሰጣል አለችኝ። ከነልጣጩ ቀቅይው፣ ስትጨርሺ ላጪው፣ ጨው እንዳታስነኪው ብላ ደጋግማ ነገረችኝ።

እኔም እንዳለችው አደረግኩ። የፋብሪካውን ሥራ ትቼ የስፌት መኪናዬን ቤት አስገብቼ ስለነበር ድስቱን ከጎኔ ጥጄ እሰፋለሁ። ውሃው ትንሽ፣ እሳቱ ዝግ ያለ፣ ክዳኑ የተገጠመ፤ ቢላው ሳይታገል ሲገባ ማውጣት። እሳቱ ከበዛ ልጣጩ ይፈነዳና ውሃ ጠጥቶ ይልፈሰፈሳል። ከእንቁላል ጎን፣ ከባቄላ ጎን፣ ከሩዝ ጎን፣ አንዳንዴም በወተት ፈጭቼ። ፌንጣህ «ጎረቤቴ» የሚል ስም አወጣችለት፤ ከሳህኗ ጎን ጠፍቶ ስለማያውቅ። ሳህኑን ይዤ ስገባ «ዛሬም ጎረቤቴ መጣ?» ትለኛለች። ያንተው ቀልድ ነው፤ ከእኔ አልወረሰችውም።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ የአባዬ እንዲህ አልነበረም አለችኝ። ደነገጥኩ። አንተ ስትሄድ ገና ትምህርት ቤት መግባቷ ነበር፤ ታስታውሳለች ብዬ አላሰብኩም። እሷ ግን ሁሉንም ዘረዘረችልኝ። ሥራ የማትገባ ቀን ሽርጤን ታጥቀህ በድሮው ቤታችን ኦቨን ትጠብሰው እንደነበር፤ ውጪው እየተንኮሻኮሸ ውስጡ እንደ ቅቤ ይቀልጥ እንደነበር፤ አንዷን አንስተህ እፍ እፍ ትልና እንደ መኪና ጡሩንባ እየነፋህ አፏ ውስጥ ትከታት እንደነበር። እኔ የማስታውሰው ያቆሸሽከውን ወጥ ቤት ብቻ ነው።

ባለፈው ቀጠሮአችን ዶክተሩ የደረቷን ራጅ ወደ መስኮቱ አንስቶ ብዙ አየው። ከዚያ ነርሷን ልጅቷን ይዘሽልኝ ውጪ አላት። ቀዶ ጥገናው ቀርቷል፣ አሁን ሰውነቷ አይችለውም አለኝ። እኔ ሞኟ ሌላ የምጠይቀው ጠፍቶኝ ስለ ምግቧ ጠየቅኩት። የፈለገችውን ትብላ አለኝ። ጨውስ? አልኩት። «ጨውም ትብላ፣ እናቴ» አለኝ። አባቴ የሚሆን ሰውዬ ነው። ዓመት ሙሉ ሲከለክለኝ «ወይዘሮ» ሲለኝ ኖሮ፣ ሲፈቅድልኝ «እናቴ» አለኝ።

ኮሪደሩ ላይ፣ ጨው ተፈቀደልሽ አልኳት፣ እየሳቅኩ። «እሰይ!» አለች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

ያንተን ልሠራላት ወሰንኩ። እኛ ቤት ኦቨን የለም። ታች ያለችው አከራያችን ግን አላት። በመጥረጊያና በቆሻሻ ባልዲ ስንነታረክ የኖርን ሴቶች ነን፤ ነገሩን ስነግራት የወጥ ቤቷን ቁልፍ አውጥታ ዝም ብላ ሰጠችኝ። አሠራሩን ግን ከየት ላምጣው? መጀመሪያ ይቀቀላል? ይላጣል? ምን ትቀባው ነበር? የመጀመሪያው ውጪው ከሰለ፣ ውስጡ ጥሬ። ሁለተኛው እንደ ቅቅል ተልፈሰፈሰ፤ ትሪው ላይ ሳጨናንቀው በገዛ እንፋሎቱ በሰለ መሰለኝ። ቀመሰችና፣ ይሄም ጎረቤቴ ነው ብላ በጣቷ ገፋ አደረገችው።

እሁድ ዕለት እንደገና ሞከርኩ። ከነልጣጩ አጠብኩት፤ ጣት የሚያህል አድርጌ ቆረጥኩት፤ በጨርቅ አደረቅኩት። በዘይት አሸሁት፣ ጨው ነሰነስኩበት፣ አራርቄ ደርድሬ ከተትኩት። ከዚያ ላያት ወደ ላይ ወጣሁ። አሁን የምትተኛው ተቀምጣ ነው፤ ትራስ ካልተደረደረላት አየር ያጥራታል። እሷን ሳስተካክል ቆየሁ። ወርጄ ሳወጣው ጠርዙ ቡናማ ሆኗል፣ ልጣጩ ይንኮሻኮሻል። ደስታዬን አልነግርህም። እየሮጥኩ ወጣሁ።

አንዷን አነሳችና ቀስ ብላ አላመጠች። ዓይኗን ጨፈነች። «ይኸው! ልክ የአባዬ!» አለች። ሌላ አነሳች፣ ደግሞ ሌላ። እንዲህ ስትበላ ካየኋት ስንት ጊዜዬ! አንሶላ የማጣጥፍ መስዬ ፊቴን አዞርኩ። በመሃል በመሃል ውሃ ትጠይቀኛለች፣ እሰጣታለሁ፣ ደግሞ ትጎርሳለች። ለማታ ይቀመጥ ያልኳትን እንኳ አልተወችም፤ ሳህኑ ላይ አንዲት ብቻ ቀረች።

ሳህኑን ላጥብ ወስጄ ያቺን ቀሪዋን አፌ ውስጥ ከተትኳት። መዋጥ አቃተኝ፤ ተፋሁት። ጨው ራሱ ነበር። እንዲህ ስል አከራያችን ብቅ አለችና፣ ጨው እንደ ልማድሽ ረስተሽው ነው ብዬ ጨመር አድርጌልሽ ነበር፣ ጣፈጠ ወይ? አለችኝ። ጣፍጧል አልኳት። ምን ልበላት?

ተመልሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከንፈሬን በነጠላዬ ጠረግኩ። እሷ ግን አፌን አየችው መሰለኝ። ዓይኗን እንደ ጨፈነች ፈገግ ብላ፣ «አባዬ ሲመጣ ግን ጨው ቀንሺለት፣ እሺ?» አለችኝ።

ሲመጣ አለች። እመጣለሁ ያልካት አንተ አይደለህም፤ ይመጣል ያልኳት እኔም አይደለሁም። ማን እንደ ነገራት አላውቅም። እሺ አልኳት።

በማግስቱ እግሯ አብጦ ነጠላ ጫማ እንኳ አልገባ አለው። ነርሷ እቤት ድረስ መጥታ አየችው። ድሮ ቢሆን፣ ምን አብልተሻት ነው ብላ ትጮህብኝ ነበር። ትራሷን አስተካከለችላት፣ ግንባሯን ሳመቻትና ሄደች።

እንግዲህ አሠራሩን በወረቀት ጽፈህ እንዳትልክልኝ። ወረቀት መንገድ ላይ ይቆያል። ድንቹን ገዝቼ አስቀምጫለሁ፣ የአከራያችን ቁልፍም እኔ ጋ ነው። ባለቤትህን ቅር እንዳይላት፣ አንተ ስትመጣ እኔ ታች እንደምሆን ንገርልኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ትመጣለህ ብዬ ተስፋ አላደርግም፤ ተስፋ የማድረጊያ አቅሜን ጨርሻለሁ። ለእሷ ግን ይህን አልነገርኳትም። ከመጣህ ስትገባ እየሳቅክ ግባ። ፊት ለፊቷ እንዳታለቅስ። እንዴት እንደሚቻል ካቃተህ በሩ ላይ ጥራኝና አሳይሃለሁ፤ እኔ ለምጄዋለሁ።

መንገዱን ያቅናልህ። ከአደጋ ይሰውርህ። ልጆችህን በጤና አሳድገህ ለቁም ነገር ለማብቃት ያብቃህ፤ የሚሆነውን ሁሉ ቆመህ የምታይበት ብርታት ይስጥህ።

የልጅህ እናት